የሚሰጥ ዕቃና የሚታመን እጅ

ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ቤት ሲጸዳ ከየቤታችን የሚወጣ ዕቃ አለ። ለልጆች የጠበበ ልብስና ጫማ፣ ሌላ የተተካለት ፍራሽ፣ ትርፍ ብርድ ልብስ፣ ድስትና ሳህን፣ በኮንዶሚኒየም ደረጃ አልወጣ ያለ ቡፌና ቁም ሳጥን። ከሐዘን በኋላ ደግሞ የሟች ልብስ ይወጣል። ይህን ሁሉ መጣል ነውር ነው፤ መሸጡንም ብዙ ጊዜ አንጀታችን አይችለውም። ስለዚህ «ለችግረኛ ይሰጥ» እንላለን።

«ለየትኛው ችግረኛ? በማን እጅ?» የሚለው ጥያቄ ግን በስብሰባችን በተነሳ ቁጥር ያከራክረናል። አንዳንዶቻችን «ሰጥቶ መጠየቅ ጽድቁን ያስቀራል» እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ ለችግረኛ ተብሎ የተሰበሰበ ልብስ መንገድ ዳር ተዘርግቶ ሲሸጥ አይተን እጃችንን ሰብስበናል። በዚህ መካከል የሚጎዳው ብርድ ልብሱን የሚጠብቀው ሰው ነው።

በሒሳብ ሥራ የምንተዳደር አባላት ይህን ክርክር ከታሪክ በኩል ልናየው ወደድን። ወደኋላ ሄደን ስናየው ያገኘነው ነገር ቀላል ነው። በአገራችንም ሆነ በሌላው ዓለም፣ ከሰጪና ከተቀባይ መካከል ሌላ እጅ በገባ ቁጥር ሰዎች ያንን እጅ የሚቆጣጠሩበት ሥርዓት አበጅተዋል። መጠየቅ አለማመን አይደለም። የልግስናው አንድ ክፍል ነው።

ሰጪና ተቀባይ ሲተዋወቁ

በእናቶቻችንና በአያቶቻችን ዘመን ዕቃ ከቤት ሲወጣ መድረሻው ይታወቅ ነበር። ልብስ ከታላቅ ወደ ታናሽ፣ ከታናሽ ወደ ጎረቤት ልጅ፣ ከዚያም ወደ ገጠር ዘመድ ይሄዳል። ድስቱና ምጣዱ አዲስ ጎጆ ለወጣች ልጅ መቋቋሚያ ይሆናል። የሟች ልብስ ለቅርብ ዘመድ፣ ለነፍስ አባት ወይም በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለሚቀመጥ ችግረኛ ይሰጣል። በሙስሊም ቤተሰብም ሰደቃው በቅድሚያ የሚታሰበው ለተቸገረ ዘመድና ለጎረቤት ነው።

ለሰው የማይሰጥ ዕቃም መንገድ ነበረው፤ ዛሬም አለው። በአዲስ አበባ ሰፈሮች «ቆራሌው» እያለ የሚዞረው ሰው አሮጌ ብረት፣ ጠርሙስና ቆርቆሮ ይገዛል። «ልዋጭ» የሚለው ደግሞ አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ ብርጭቆ ወይም የፕላስቲክ ሳፋ ይሰጣል። ብረቱና ቆርቆሮው መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ፣ ተቀጥቅጦና ተጠግኖ፣ ምድጃ ወይም ሌላ የቤት ዕቃ ሆኖ ይመለሳል። ከዚህ የምንማረው በከተማችን አሮጌ ዕቃ ገበያ እንዳለው ነው። ገበያ ያለው ነገር ሲሰጥ ደግሞ እንደ ገንዘብ ጠባቂ ይፈልጋል።

ያኔ ስለ መታመን ብዙ አይወራም ነበር። ካፖርቱን የሰጠች ሴት ለብሶት የሚሄደውን ሰው በማግስቱ በመንገድ ታየዋለች። ነገሩ የተለወጠው ከተማው ሲለወጥ ነው። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ብዙዎቻችን ወደ ኮንዶሚኒየም ገባን። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ፣ ቀጥሎም ከካዛንቺስ የተነሱ ጎረቤታሞች በየዳርቻው ተበታተኑ። በአዲሱ ሰፈር ማን እንደተቸገረ አናውቅም፤ የተቸገረውም እኛን አያውቀንም። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከየመሥሪያ ቤቱና ከየሰፈሩ ለተፈናቃይ ልብስ ስንሰበስብ፣ ልብሱን የሚለብሰው ሰው በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነበር። በመካከል የሚያደርስ እጅ ማስፈለጉ ግድ ሆነ።

መካከለኛው እጅ የዛሬ ነገር አይደለም

ስለዚህ መካከለኛ እጅ የቀረበው አቤቱታ ግን በጣም የቆየ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምናነበው፣ በኢየሩሳሌም በነበረው የመጀመሪያው የምእመናን ማኅበር የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በየዕለቱ በሚደረገው እደላ ላይ ተረሱ፤ ወገኖቻቸውም አጉረመረሙ። ሐዋርያት «ለምን ትጠይቃላችሁ?» ብለው አልተቆጡም። መልካም ስም ያላቸው 7 ሰዎች በምእመናኑ እንዲመረጡ አደረጉ። ሊቀ ዲያቆናት ቅዱስ እስጢፋኖስ ከእነዚህ አንዱ ነው። በስሙ በተሠራው የመስቀል አደባባይ ቤተ ክርስቲያን በኩል ስናልፍ የተመረጠበት ሥራ ምን እንደነበር ብናስታውስ መልካም ነው። መነሻው የተረሱ ሴቶች ጉዳይ ነበር።

በእስልምናም ዘካ ለማን እንደሚሰጥ በቁርዓን በሱረቱ አት-ተውባ ቁጥር 60 ተዘርዝሯል። ተቀባዮቹ 8 ዓይነት ናቸው። ከድሆችና ከምስኪኖች ቀጥሎ በ3ኛ ደረጃ የተጠቀሱት ዘካውን በመሰብሰብና በማደል የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ይህ ለእኛ ለሒሳብ ሠራተኞች ትልቅ ቁም ነገር ነው። የሚያደርሰው ሰው ወጪ እንዳለበት ከጥንት ታውቋል፤ ያ ወጪም በግልጽ ተጽፏል። አስቸጋሪ የሚሆነው ወጪው ሲደበቅ ነው።

ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራ እጅ አይወቅ የሚለውን ትምህርት ጠቅሰው መጠየቅን የሚቃወሙ እህቶች አሉ። እንደ እኛ አረዳድ ያ ትምህርት የሰጪዋን ስም የሚመለከት ነው፤ በስጦታዋ እንዳትመካ ይመክራል። ስጦታውን ተረክቦ ለሌላ የሚያደርሰው ሰው ግን ያደረገውን እንዲደብቅ አይፈቅድም። ስማችንን ሳናስጽፍ መስጠት እንችላለን። ዕቃው ግን መጻፍ አለበት።

የዕድር መዝገብ

ይህን በተግባር ያስተማረን ዕድር ነው። ዕድር በከተሞቻችን፣ በተለይም በአዲስ አበባ፣ ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንስቶ እየተስፋፋ የመጣ የመረዳጃ ማኅበር ነው። ከአገር ቤት ርቀው የመጡ ሰዎች ለቀብራቸውና ለሐዘናቸው ወገን እንዲኖራቸው ይሰባሰቡበት ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ ሐዘኑን ተከፋፍለው ተሸከሙት።

ዕድር ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የዕቃ ማኅበርም ነው። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ጎላ፣ ሳህን፣ ብርጭቆ አለው። እነዚህን የሚጠብቅ የንብረት ሹም ይመረጣል። ዕቃ ሲወጣ ይቆጠራል፤ ሲመለስ ይቆጠራል። የተሰበረ ብርጭቆ ይተካል፤ የጎደለ ማንኪያ ይጠየቃል። በሴቶች ዕድር ውስጥ ያደግን ሁሉ ሐዘን ቤት ውስጥ እንኳ ሳህን ሲቆጠር አይተናል። ለቀስተኛዋ አትቀየምም፤ ቆጣሪዋም አታፍርም። ዕቃው የሁላችንም ስለሆነ ነው። በዓመት አንድ ቀን ደግሞ ሒሳቡ በአባላት ፊት ይነበባል፤ ማንበብና መጻፍ የማያውቁትም ጆሯቸውን ሰጥተው ይሰማሉ፤ ካልገባቸውም ይጠይቃሉ።

እንግዲህ ለዕድር ማንኪያ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሴቶች፣ የእናታችንን ጋቢና ቀሚስ በማዳበሪያ ጠቅልለን ለማናውቀው ሰው ሳንቆጥር መስጠታችን ሊያስገርመን ይገባል። ማኅበራችን ይህን ልማድ ከዕድሩ ልማድ ጋር እንዲያስታርቅ ነው የምንፈልገው።

ከቀይ መስቀል እስከ ወይዘሮ አበበች

በአገራችን ዘመናዊ ቅርጽ ያለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ታሪክ ሲነሳ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ቀድሞ ይጠቀሳል። የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ የጣልያን ወረራ በተቃረበበት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ትልልቅ ረሃቦች የእርዳታን ሥራ መልክ ለወጡት። የወሎውን ረሃብ ተከትሎ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ደግሞ ከመላው ዓለም እህል፣ ብርድ ልብስ፣ ድንኳንና ልብስ መጣ። «እርዳታ» የሚለው ቃል በብዙ ቤት ውስጥ የዕቃ ስም እስኪመስል ድረስ የተለመደው በዚያ ዘመን ነው።

በእነዚያ ዓመታት ከትልልቆቹ ድርጅቶች ጎን የተነሳች አንዲት ሴት ታሪክ ለእኛ ይቀርበናል። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለንግሥ ወደ ግሸን ማርያም ሲሄዱ በወሎ ረሃብ ነበር። ሲመለሱ 2 ወላጅ አልባ ሕፃናትን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። በ1 ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕፃናቱ ከ20 በላይ ሆኑ። ቤተሰባቸው ተቃወማቸው፤ ትዳራቸውና ቤታቸው ቀረ። እርሳቸው ግን ምግብ እያዘጋጁና እየሸጡ ልጆቹን አሳደጉ። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ በስማቸው የሚጠራው ድርጅት የሕፃናት ማሳደጊያ ብቻ ሳይሆን የትምህርትና የሴቶች ማቋቋሚያ ሥራም የሚሠራ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንወስዳለን። አንደኛው፣ ሰዎች እርሳቸውን ማመን የጀመሩት ሥራውን ቤታቸው ገብተው ስላዩት ነው፤ ልጆቹ ነበሩ፤ ይበላሉ፤ ይለብሳሉ። ሁለተኛው፣ መልካም ልብ ብቻውን ሺህ ሰው አይሸከምም። ሥራው ሲሰፋ ሥራ አመራር ቦርድ፣ መዝገብና ኦዲተር ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የምንሰማው ቅሬታ የሚነሳው በመካከል ነው፤ ድርጅቱ ከአንድ ሰው ቤት ሰፍቶ መዝገቡ ግን በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ሲቀር።

የሌላው ዓለም ልምድ

ከተማ ሰጪንና ተቀባይን ሲለያይ የሚመጣው ችግር በእኛ አልተጀመረም። በአውሮፓና በአሜሪካ የኢንዱስትሪ ከተሞች ቀድሞ ደርሷል። የድኅነት ሠራዊት የሚባለው ድርጅት መሥራች ዊልያም ቡዝ እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በለንደን ከየቤቱ የሚጣለውን ዕቃ የሚሰበስቡ ሥራ አጦች እንዲደራጁ ሐሳብ አቅርበው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 ደግሞ በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ኤድጋር ሄልምስ የተባሉ የሜቶዲስት ቄስ ከሀብታም ሰፈሮች አሮጌ ልብስና ዕቃ በጆንያ እየሰበሰቡ፣ ሥራ ያጡ ሰዎችን ቀጥረው አስጠገኑት። የተጠገነው በርካሽ ይሸጣል፤ ከሽያጩ የጠጋኞቹ ደመወዝ ይከፈላል። በአሜሪካ ያሉ ደጋፊዎቻችን የሚያውቁት ጉድዊል የተጀመረው እንዲህ ነው።

በእንግሊዝም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ በረሃብ ለተጎዳው የግሪክ ሕዝብ እርዳታ ለማድረስ በኦክስፎርድ ከተማ አንድ ኮሚቴ ተቋቋመ። በኋላ ኦክስፋም ተባለ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በዚያው ከተማ ሰዎች የሰጡትን ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ከፈተ። ይኸው ድርጅት በ1977ቱ ረሃብ በአገራችን ሲሠራ ነበር።

ይህ ለእኛ ክርክር አንድ መልስ ይሰጣል። የተሰጠ ዕቃ መሸጡ ብቻውን ስርቆት አይደለም። ጉድዊልም ኦክስፋምም ሲሸጡ ኖረዋል። ልዩነቱ «እንሸጠዋለን፤ ገንዘቡ ለዚህ ሥራ ይውላል» ብለው አስቀድመው መናገራቸውና የሽያጩን ገንዘብ በመዝገብ ማስገባታቸው ነው። «ለተፈናቃይ ይለበሳል» ተብሎ የተወሰደ ልብስ ከተሸጠ ግን፣ ገንዘቡ ለበጎ ሥራ ቢውል እንኳ፣ ቃል ፈርሷል።

ሌላም ትምህርት አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 በአርሜኒያ ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ከመላው ዓለም 5,000 ቶን የሚሆን መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ጎረፈ። ምን እንደመጣ ለይቶ ለማወቅ ብቻ 50 ሰዎች 6 ወር ሠሩ። ብዙው በማይታወቅ ቋንቋ የተጻፈበት፣ ጊዜው ያለፈበት ወይም ለአደጋው የማያስፈልግ ነበር። ከእንዲህ ዓይነቱ ልምድ በመነሳት የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች ተቋማት እ.ኤ.አ. በ1996 የመድኃኒት ስጦታ መመሪያ አወጡ። ዋና ሐሳቡ ተቀባዩ ያልጠየቀውንና የማይጠቀምበትን አትላኩ የሚል ነው። ይህ ለመድኃኒት ብቻ ሳይሆን ለልብስና ለድስትም ይሠራል። የማይፈለግ ስጦታ ለተቀባዩ የመጋዘን ኪራይና የመጫኛ ወጪ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ማኅበራትን የሚመለከቱ ድንጋጌዎች በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውስጥ ገብተዋል። በ1959 ዓ.ም. ደግሞ የማኅበራት መመዝገቢያ ደንብ ወጣ። ለብዙ ዓመታት ድርጅቶች የተመዘገቡት በዚህ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ብዙ ነገር ለወጠ። ከውጭ የሚገኘው ገቢ ከ10 በመቶ በላይ የሆነ ድርጅት በሰብአዊ መብትና በመሰል ጉዳዮች እንዳይሠራ ከለከለ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የመሰሉ ለሴቶች የቆሙ ድርጅቶች በዚህ ምክንያት ሥራቸው ክፉኛ ጠበበ። ያው አዋጅ አስተዳደራዊ ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥም ወስኖ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 የቀድሞውን ሽሮ የውጭ ገቢውን ገደብ አነሳ። የአስተዳደራዊ ወጪ ጣሪያውን ግን ወደ 20 በመቶ ዝቅ አደረገው። ዛሬ ድርጅቶችን የሚመዘግበውና የሚከታተለው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው። ድርጅቶች ዓመታዊ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ያቀርቡለታል። ስለዚህ «የምዝገባ የምስክር ወረቀታችሁን አሳዩን» ማለት ድፍረት አይደለም። ሕጋዊ ድርጅት የምስክር ወረቀቱን ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል።

ይሁን እንጂ ምዝገባ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ፈቃድ ኖሮት መጋዘኑ በር የሌለው ድርጅት ሊኖር ይችላል። ደግሞም 20 በመቶውን ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል። ፍራሽና አልጋ የሚያጓጉዝ ድርጅት የመኪናና የነዳጅ ወጪ አለበት። ወጪ የለኝም የሚል ሰው ወይ መዝገብ የለውም፤ ወይ ወጪውን ሌላ ቦታ ጽፎታል።

ዕቃ ከገንዘብ በምን ይለያል?

ገንዘብ ስንሰጥ ደረሰኝ መጠየቅ ለምደናል። በባንክ ካስገባንም ዱካው ይቀራል። ዕቃ ግን ዱካ የለውም። ዋጋው አይታወቅም፤ አንዱ ብርድ ልብስ ከሌላው ይለያል፤ በመንገድ ላይ ጥሩው ወጥቶ አሮጌው ቢተካ የሚያውቅ የለም።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራን ሁሉ ለዚህ የተበጀውን ዘዴ እናውቀዋለን። ዕቃ ወደ ግምጃ ቤት ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል። ሲጠየቅ ሞዴል 20 ይሞላል። ሲወጣ ሞዴል 22 ይፈረማል። በሦስቱ ወረቀቶች ላይ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ የሰጪውና የተረካቢው ስምና ፊርማ አለ። የገባውና የወጣው ተቀናንሶ የቀረው በመደርደሪያው ላይ መገኘት አለበት። ትንሽ ድርጅት እነዚህኑ ቅጾች ይጠቀም አንልም። የመስመር ደብተርም ይበቃል። «አንድ ማዳበሪያ ልብስ» የሚል ጽሑፍ ግን መዝገብ አይደለም። «የልጅ ሹራብ 12፣ ብርድ ልብስ 3፣ የሴት ጫማ 4 ጥንድ» የሚለው ነው መዝገብ።

ስለዚህ ዕቃ ከማስረከባችን በፊት ልንጠይቅ የሚገባንን እንዲህ አሰባስበነዋል።

1. የምዝገባ የምስክር ወረቀቱ አለ ወይ? ቢሮው ወይም ማዕከሉ ሄደን የምናየው ቦታ አለው ወይ? በቲክቶክና በቴሌግራም ብቻ የሚታይ፣ ገንዘቡን በግለሰብ የባንክ ሒሳብ የሚቀበል ሰብሳቢ ሲያጋጥመን እንቆይ።

2. ዕቃውን ቆጥሮ የሚረከብ ሰው ማን ነው? የዕቃው ዝርዝር ያለበት ማረጋገጫ ይሰጣል ወይ?

3. ዕቃው በቀጥታ ይታደላል ወይስ ይሸጣል? ከተሸጠ ገንዘቡ በየትኛው ሒሳብ ይገባል?

4. ተቀባዮቹ እንዴት ይመረጣሉ? ዝርዝሩን የሚያወጣውና ዕቃውን የሚያድለው አንድ ሰው ከሆነ አደጋ አለው። ሁለት የተለያዩ ሰዎች ቢሆኑ ይሻላል።

5. «ይህን አንወስድም» የሚለው ዕቃ አለ ወይ? የሚታመን ድርጅት የሚያስፈልገውን ያውቃል። ያቀረብንለትን ሁሉ ሳያይ የሚወስድ ሰብሳቢ ለማን እንደሚሰጥ ያላሰበ ሊሆን ይችላል።

6. የተረጂዎችን ክብር ይጠብቃል ወይ? የተረዳን ሰው ፊት ፎቶ አንስቶ መለጠፍ ማስረጃ አይደለም። ማስረጃው ፊርማና መዝገብ ነው።

እነዚህን ጥያቄዎች በአክብሮት ስንጠይቅ የሚቀየም ድርጅት ካለ ቅያሜው ራሱ መልስ ነው። በደስታ የሚመልስ ግን ብዙ ነው። መዝገብ የያዘ ሰው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

የእኛም ድርሻ አለ

ተቀባዩን ስንመዝን ራሳችንንም እንመዝን። ልብስ ታጥቦ፣ ቁልፉ ተተክቶ፣ ጫማ ጥንዱ ታስሮ ይሰጥ። እኛ የማንተኛበትን ፍራሽ ለሌላ ሰው «ይበቃዋል» አንበል። የተበላሸ የኤሌክትሪክ ምድጃ ስጦታ አይደለም፤ ለቆራሌው ይሸጥና ገንዘቡ ይሰጥ። ፍራሹን ለማጓጓዝ የሚከፈለው ከፍራሹ ዋጋ ከበለጠም እዚሁ ሰፈር ውስጥ የሚያስፈልጋትን ሰው መፈለግ ይሻላል። በኪስ ውስጥ የተረሳ ሰነድና ፎቶግራፍ መኖሩንም እንይ። የሟች ልብስ ሲሆን ደግሞ ቤተሰቡ ተስማምቶና ለማስታወሻ የሚቀረው ተለይቶ ይውጣ። ከመካከላችን እናታችንን ቀብረን ነጠላዋን ማን እንደለበሰው ለማወቅ የምንመኝ አለን። ይህ ምኞት የሚያሳፍር አይደለም፤ ሥርዓት ያለው መዝገብም ሊመልሰው ይችላል።

በውጭ አገር ላሉ ደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። ከዋሽንግተን፣ ከአውሮፓም ሆነ ከዓረብ አገር ዕቃ ከመላካችሁ በፊት የሚፈለገውን ጠይቁን። የማጓጓዣውና የጉምሩኩ ወጪ ከልብሱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። አሮጌ ልብስ ወደ አገር ማስገባትም ገደብ አለበት። ብዙ ጊዜ በምትኖሩበት ከተማ ዕቃውን ሸጣችሁ ገንዘቡን ብትልኩ፣ እዚህ ከሸማኔውና ከልብስ ሰፊዋ ገዝተን ሁለት ሰው እንጠቅማለን።

ለጠቅላላ ጉባኤያችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ማኅበራችን ከአባላት የሚሰበስበውን ዕቃ የሚመዘግብ አንድ ደብተር ይክፈት። ዕቃውን የሚረከቡና የሚያስረክቡ 2 አባላት ይመረጡ፤ ከእነርሱ ሌላ አንዲት አባል ደብተሩን ትመርምር። ዕቃ የምንሰጣቸው ድርጅቶች ከላይ ለጻፍናቸው 6 ጥያቄዎች መልስ የሰጡ ይሁኑ። ካስረከብን ከ1 ወር በኋላ ደግሞ ሁለት አባላት ሄደው ዕቃው የት እንደደረሰ ይዩ። በዓመቱ መጨረሻ ደብተሩ እንደ ዕድር ሒሳብ በሁላችን ፊት ይነበብ።

የመጀመሪያው ስብስብ ለመጪው እንቁጣጣሽ እንዲሆን አስበናል። እስከዚያ እያንዳንዳችን ቤታችን ውስጥ ያለውን እንይ፤ እንጠብ፤ እንቁጠር። የምታውቋቸውና በዓይናችሁ ያያችኋቸው ድርጅቶች ካሉ ስማቸውን ለጽሕፈት ቤታችን አስታውቁን፤ ሄደን እናያቸዋለን።